በሐኪም የታዘዘውን የካልሲየም ኪኒን በልክ ስለ መውሰድ

ተማሪዎች ሆይ፤ ካልሲየም ከሚባለው ማዕድን ከ100 እጅ 99 እጁ የሚገኘው በዐጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው 1 እጅ በደምና በሥጋ ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ልብ እንዲመታ፥ ጡንቻም እንዲሠራ፥ የቈሰለ ሰው ደምም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ይህ ጥቂቱ ነው።

በደም ውስጥ ያለው ሲጐድል ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፥ እጅና እግርም ይኰማተራል። ሲበዛ ደግሞ ውሃ ጥም ይጸናል፥ ሽንት ይበዛል፥ ሆድ ይደርቃል፥ አሳብም ይናወጣል። ጕድለቱም ብዛቱም ደዌ ስለ ሆነ ሐኪም ደሙን መርምሮ በልክ ያዝዛል፤ በሽተኛውም ከታዘዘለት አይጨምርም፥ አይቀንስምም። መዋጥ የረሳ ሰው የሁለት ጊዜውን ባንድነት አይውሰድ። ለጎረቤት የታዘዘውንም ማንም አይዋስ።

ካልሲየም ካርቦኔት የተባለው ኪኒን ከምግብ ጋራ ይወሰዳል፥ የጨጓራ ኮምጣጣ ውሃ ያሟሟዋልና። ለእንቅርት ዕጢ ድካም ሌቮታይሮክሲን የሚውጥ ሰው በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያቈይ፤ ያለዚያ ካልሲየሙ መድኃኒቱን በሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ፎስፌትም የታዘዘለት ሰው ሁለቱን በየትኛው ሰዓት ለየብቻ እንደሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ፥ በሆድ ውስጥ ይያያዛሉና። ኵላሊቱን የታመመ ሁሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሰውነቱ የሚኰማተር ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው ኪኒን እየጨመረ አይጠብቅ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ማንበብ የሚያውቅ ልጅ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ልክና ሰዓት ለወላጆቹ ያንብብ። የፊደል ጥቅም በቤት የሚታየው በዚህ ነው።