አሥረኛው ሰው
(በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «በሳንስክሪት ፍልስፍና ራስን ማወቅ» የሚል ነው። ከበድ ይላል፤ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ስብሰባ የሚስማማ ታሪክ አለው።

ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በሚባለው ጥንታዊ የሕንድ መጽሐፍ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ አለ። በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ፣ ቬዳዎቹን ሁሉ አጥንቶ፣ በ24 ዓመቱ ይመለሳል። ይኸውላችሁ፣ ተመራቂ ነው! ደረቱን ነፍቶ ነው ቤት የሚገባው። አባቱ ኡዳላካ ታዲያ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ ሲያውቁት ያልታወቀው ሁሉ የሚታወቅበትን ትምህርት መምህሮቹን ጠይቆ እንደሆነ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? መምህሮቼ ባያውቁት ነው እንጂ ቢያውቁትማ በነገሩኝ ነበር አለ። (መምህራን ሆይ፣ ይህ ሰበብ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።)

አባቱ ማታ ጨው ውሃ ውስጥ አስጨመረው። ጠዋት ጨዉን አምጣ ቢለው የለም፣ ሟሟቷል። ከላይ አስቀመሰው፣ ከመሃል አስቀመሰው፣ ከሥር አስቀመሰው፤ ሁሉም ጨው ጨው ይላል። እንዲህ ሳይታይ በሁሉ ውስጥ ያለው የሕልውና መሠረት የአንተም ማንነት ነው ይለዋል። ይህንኑ በምዕራፉ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ይነግረዋል፤ ያ ኩሩ ተመራቂ እንዲደገምለት ይለምን ነበር።

አንዳንዶቻችን ይህን እውቀት «ደመ ነፍሴ ነገረኝ» እንደምንለው አድርገን እንወስደዋለን። እኔ አልስማማም። ደመ ነፍስ ግምት ነው፣ ይስታል። የአድቫይታው ፈላስፋ ሻንካራ የሚጠቅሰው ምሳሌ የተሻለ ያስረዳል። አሥር ሰዎች ወንዝ ይሻገሩና ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ራሱን ትቶ ስለሚቆጥር ዘጠኝ ይሆኑበታል፤ አንዱን ውሃ ወሰደው ብለው ያለቅሳሉ። (እንዲህ ዓይነት ተረት በእኛም አካባቢ ይነገራል።) መንገደኛ መጥቶ አሥረኛው ቆጣሪው ራሱ መሆኑን ይነግረዋል። አዲስ ሰው አልመጣም፣ የጠፋም አልተገኘም፤ ስሕተቱ ብቻ ተነሣ። ጭስ አይቶ ከተራራው ወዲያ እሳት አለ ማለት የሩቅ እውቀት ነው። ይህኛው ግን በአዋቂውና በታወቀው መካከል ርቀት የለውም፤ በሳንስክሪት «አፓሮክሻ» ይሉታል።

ኋላ የመጡት የአድቫይታ ሊቃውንት ታዲያ ተከራከሩ። የቪቫራና ወገን ቃሉ ራሱ ቀጥተኛውን እውቀት ይሰጣል አለ። የባማቲ ወገን ደግሞ በማሰላሰል የተዘጋጀ አእምሮ ነው የሚያይ አለ። የወንዙ ሰው በአንድ ቃል ገባው፣ ሽቬታኬቱ ዘጠኝ ጊዜ ፈለገ። ክፍል ውስጥ የቆየሁ ሰው ነኝና ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ተማሪ በፈተና ወረቀቱ «አሥረኛው ቆጣሪው ነው» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ። ራሱን መቁጠሩን ግን በምን አውቃለሁ? ከሰዓት በኋላ ባለው ውይይት መምህራኑ እንድታግዙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።