የለመዱት ድምፅ ሲጠፋ፦ ሮን ሳንቶና የቺካጎ ደጋፊዎች ኀዘን



የዛሬው ንግግሬ ስለ ኀዘን ነው፤ ይኸውም ከሟቹ ጋር በሥጋም ሆነ በጉርብትና የማይዛመዱ ሰዎች ስለሚያዝኑት ኀዘን። በዲሴምበር 2010 መጀመሪያ ሮን ሳንቶ በ70 ዓመቱ ማረፉ ሲሰማ፣ በቺካጎ ከተማ በሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ደጃፍ እጁን እንኳ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች አበባ ያኖሩ ጀመር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሰዎች ያጡት ምን ነበር?

ሳንቶ ከ1960 እስከ 1973 ለቺካጎ ካብስ ሦስተኛውን ቤዝ የጠበቀ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። በሙያ ዘመኑ 342 ሆም ረን መትቷል፤ ለመከላከል ብቃት የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት 5 ጊዜ ተሸልሟል። ቡድኑ ግን በእርሱ ዘመን አንድም ጊዜ ከመደበኛው ውድድር አልፎ ለዋንጫ ፉክክር አልበቃም። ካብስ ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በ1908 ነበርና፣ በዚያ ከተማ ደጋፊነት ማለት ከወላጅ የሚወረስ ትዕግሥት ነበር።

በ1990 ሳንቶ በሬዲዮ የጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ተመለሰ፤ እስኪሞትም ድረስ አልተለየም። እዚህ ላይ የስፖርቱን ጠባይ ማስታወስ ያሻል። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከጸደይ እስከ መስከረም፣ በየዕለቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ በየጊዜው ሦስት ሰዓት ያህል። ስለዚህ ድምፁ ከወጥ ቤቱ፣ ከመኪናው፣ ከጋራዡ ጋር ተዋሐደ። ብዙ ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ያን ያህል ሰዓት አያሳልፍም።

በሙያው ሚዛን ከተመዘነ ግን ሳንቶ ብቁ ተንታኝ ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ያቃስታል፤ ይቆጣል፤ አንዳንዴም ቃል አጥቶ ዝም ይላል። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1998 ሚልዋኪ ላይ ካብስ 7 ለ 5 እየመራ፣ ድሉን ለማጽናት አንድ ተጫዋች ማስወጣት ብቻ ሲቀረው፣ ብራንት ብራውን ወደ እርሱ የወረደችውን ኳስ ከጓንቱ ጣላት። ሦስት ሯጮች ገቡ፤ ጨዋታው በ8 ለ 7 ሽንፈት አበቃ። በዚያች ቅጽበት ከባልደረባው ከፓት ሂዩዝ ዘገባ ጋር ተደባልቆ የተሰማው የሳንቶ የጭንቅ ጩኸት እስከ ዛሬ በካብስ ደጋፊዎች ዘንድ ይወሳል። አድማጩ በየቤቱ የጮኸውን ጩኸት እርሱ በማይክራፎን ጮኸለት። ደምሴ ዳምጤ የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ የሰማ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በስርጭት ሰውና በአድማጭ መካከል የሚፈጠረው ቅርርብ የአንድ ወገን መሆኑን አስረድተዋል፤ አድማጩ ተናጋሪውን ያውቃል፣ ተናጋሪው ግን አድማጩን አያውቅም። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ኀዘን አይበቃም ባይ ነኝ። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ ያያቸዋልና። ሳንቶና አድማጮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሜዳ የሚመለከቱ ሰዎች ነበሩ። ሲሞት የጎደለው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሳንቶ በ18 ዓመቱ የስኳር ሕመም እንዳለበት ተነግሮት ነበር፤ ከጨዋታ እንዳይታገድ ስለፈራ ምሥጢሩን ለዓመታት ጠብቆ ለሕዝብ የገለጠው በ1971 ነው። በዚያን ዘመን የደም ስኳርን በቤት የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ የገዛ ሰውነቱን እያዳመጠ፣ ሲደክመው ጣፋጭ እየበላ ይጫወት ነበር። በ2001 ቀኝ እግሩ፣ በ2002 ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቈረጡ። እርሱ ግን በሰው ሠራሽ እግሮች እየተራመደ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ለሕመሙ ምርምር ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲሰበሰብም ምክንያት ሆኗል። ልጇን በየቀኑ ኢንሱሊን ለምትወጋ እናት የሳንቶ ድምፅ የጨዋታ ድምፅ ብቻ አልነበረም።

የኀዘኑ መራራ ክፍል ከኩፐርስታውን ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ወዳለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ለመግባት ከመራጮች 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ሳንቶ በ1998 በጋዜጠኞች ምርጫ የመጨረሻ ዕድሉ ያገኘው 43 በመቶ ነበር፤ ከዚያም የአንጋፋዎች ኮሚቴ ደጋግሞ አለፈው። በ2003 ካብስ የ10 ቁጥር ማልያውን ለክብሩ ሲያነሣለት፣ ለእርሱ የዝና አዳራሹ ያ በሪግሊ ፊልድ የሚውለበለበው ባንዲራ መሆኑን ለሕዝቡ ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ነገር ግን የሚጽናና ሰው ንግግር መሆኑን ማንም አላጣውም።

ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2011፣ ከ16 መራጮች 15ቱ ድምፅ ሰጡት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል በአገራችን። 342ቱ ሆም ረኖች በሕይወት ሳለም 342 ነበሩ፤ ከ1974 ወዲህ አንድም ኳስ አልመታም። በሕይወት ሳለ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ክብር በሐምሌ 2012 በሥነ ሥርዓቱ ላይ የተቀበለችለት ባለቤቱ ናት። ደጋፊዎቹ ደስታቸውን ከቁጣ መለየት አልቻሉም፤ በእኔ አስተያየት መለየትም አልነበረባቸውም።

በቀብሩ ዕለት በ10 ቁጥር ባንዲራ የተሸፈነውን ሣጥን ኧርኒ ባንክስ፣ ቢሊ ዊሊያምስና ሌሎች የቀድሞ ጓደኞቹ ከሆሊ ኔም ካቴድራል ተሸክመው አወጡት። አመዱም በሪግሊ ፊልድ ሜዳ ተበተነ። ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ በኖቬምበር 2016 ዋንጫውን ሲያነሣ፣ ደጋፊዎች ጠመኔ ይዘው ወደ ስታዲየሙ መጡ፤ ያን ቀን ሳያዩ የሞቱ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ስም በጡብ ግድግዳው ላይ፣ እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ፣ ጻፉ።