በር ላይ የተሰካው ቄጤማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሹማችን የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የቁጠባ ደብተር ይዤ «ያንቺ የሁለት ሳምንት ይቀርሻል» ስል ነው። ዛሬ ሒሳብ ላቀርብ አልመጣሁም። ስለ 2012 ዓ.ም. ፋሲካና ረመዳን፣ ማለትም በኮሮና ጊዜ ስላሳለፍናቸው በዓላት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ያው የሒሳብ ሰው ነኝና ቁጥር መጥራቴ አይቀርም፤ ታገሡኝ።

ታስታውሳላችሁ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆች ቤት ዋሉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ እንኳ ቀረ። እኛ 24 ሴቶች በየሳምንቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን የምንቀመጥ ነን። ማኅበራችን ማለት ያ መቀመጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። «እህት ዓለም፣ ቁጠባዬን ስጪኝና ልውጣ። ገበያ የለም፤ ልጆቼ ደግሞ ቤት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ይርባቸዋል» አለችኝ። በማግስቱ ሌሎች ሁለት እህቶች ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረቡ። ደብተሩን ገለጥኩ። በወረቀት ላይ የሁሉም ቁጠባ አለ፤ በጥሬው ግን አብዛኛው በብድር ወጥቷል። አንዷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ልታስረክብ ምጣድ ገዝታበታለች፣ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። ሌላዋ ልብስ አምጥታበታለች፣ ገዢ የለም። ሦስቱ ቢወጡ አራተኛዋ ትከተላለች፤ ከዚያ ማኅበሩ በስም ብቻ ይቀራል።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ አልኮራበትም። መተዳደሪያ ደንቡን ጠቅሼ «በዓመቱ አጋማሽ መውጣት አይፈቀድም» ብዬ መልእክት ላክሁ። ደንቡ ልክ ነበር። ጉሊት የምትቸረችረው እህታችን ግን ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳችልኝም።

የሆሳዕና ማግስት ሰኞ፣ አራት ሆነን እኛ ግቢ ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን፤ ሊቀመንበራችን፣ ጸሐፊዋ፣ አንዲት አባልና እኔ። እጃችን ላይ ያልተነካ ገንዘብ አንድ ብቻ ነበር። እያንዳንዳችን በሳምንት 5 ብር የምናዋጣው የማኅበራዊ ድጋፍ ገንዘብ በዓመት 6,240 ብር ደርሷል። ደንቡ ግን ለለቅሶና ለሕመም ብቻ ነው ይላል። እኔም ይህንኑ ተናገርሁ። ሊቀመንበራችን ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሰው እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

የወሰንነው ይህን ነበር፦ የብድር መክፈያው ለሦስት ወር ያለ ቅጣት ይራዘም፤ ገንዘቡ ለሁሉም እኩል ከሚበተን እያንዳንዷ ተደውሎላት «ትፈልጊያለሽ ወይስ ማለፍ ትችያለሽ?» ትባል። ደዋይዋ እኔ ሆንሁ። ከሁሉ ትቸገራለች ብዬ የገመትኋት፣ በየቤቱ ልብስ የምታጥብ እህታችን «ከእኔ የባሰች ትኖራለች፣ እኔን እለፉኝ» አለች። ዘጠኝ ሴቶች አለፉ። ጉሊት የምትቸረችረው እህታችን ለሊቀመንበራችን ስልክ መለሰች፤ እፈልጋለሁ አለች።

ዝርዝሩን ሳነብ 14 ስም ሆነ። ሊቀመንበራችን «አንቺስ?» አሉኝ። የምሠራበት ድርጅት ደመወዛችንን በግማሽ ቀንሶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ የሌላውን ችግር የሚመዘግብ ሰው የራሱን መናገር ያፍራል። እንባዬ መጣ። አስራ አምስተኛ አድርጌ ስሜን በገዛ እጄ ጻፍሁ። ለእያንዳንዳችን 400 ብር፣ በድምሩ 6,000 ብር ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ታደለ። የቀረው 240 ብር ለሳሙና ዋለ።

የፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን የሳሎኑ በር ላይ አውልቃ፣ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ አስቀደሰች። ልጄ «አያቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ቢላት «በእግዚአብሔር ፊት ቁጭ እላለሁ?» አለችው። ቅርጫ አልገባንም፣ ዶሮም አልገዛን። እንቁላል ቀቅለን ቀይ ወጥ ውስጥ ጨምረን የሃምሳ አምስት ቀኑን ጾም ፈታን።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ቅዳሜ ነው። ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት መዝጊያው ላይ እርጥብ ቄጤማ ተሰክቷል። ማን እንዳመጣው የጎረቤት ልጅ ነገረኝ፤ ጉሊቷ ነች። እንደምታውቁት የቀዳም ሥዑር ቄጤማ ለኖኅ ርግቧ ያመጣችለት የለምለም ቅጠል ምሳሌ ነው። ኖኅም ከነቤተሰቡ ተዘግቶበት ነበር። ርግቧ ቅጠሉን ስታመጣ ውኃው ገና ጨርሶ አልደረቀም፣ እሱም ወዲያው አልወጣም። መጉደል መጀመሩን ግን አወቀ። እኔም ያን ቀን ያወቅሁት ይህን ያህል ነው። በሽታው አልጠፋም፣ ደመወዜ አልተመለሰም፤ እህቴ ግን ይቅር ብላኛለች።

ከፋሲካ በአምስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 16፣ ረመዳን ገባ። የእኛ ጾም ሲፈታ የእነሱ ተያዘ። መስጊዶች ተዘግተው ስለነበር ሊቀመንበራችን ተራዊሕን ከልጆቻቸው ጋር ቤት ሰገዱ። በሌላ ዓመት ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንሰበሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ሳምቡሳው በሳህን ተሸፍኖ በር ላይ ይቀመጣል፣ ያመጣው አንኳኩቶ ወደ ኋላ ይላል። እኛም ሳህኑን ባዶ አልመለስንም። ለኢድ ከስታዲየም ይልቅ በየቤቱ ተሰገደ፤ በስልክ «ኢድ ሙባረክ» ተባባልን። የኖኅን ታሪክ ሳነሳላቸው «እኛም ኑሕ እንለዋለን፣ ነቢያችን ነው» አሉኝ።

ሦስቱ ወራት ሲያልቁ መክፈያው ተጀመረ። አንዳንዱ ብድር እስከ ዓመት ቢጓተትም ሁሉም ተመለሰ። ሊወጡ የነበሩት ሦስቱ እህቶች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ንግግሬን በአንድ ሐሳብ እዘጋለሁ። በዚያ ጊዜ የረዳን ደንቡን መተላለፋችን ነው፤ ሁልጊዜ ግን በመተላለፍ አይዘለቅም። ለክፉ ቀን የሚሆን፣ ከቁጠባውም ከለቅሶውም የተለየ ገንዘብ በደንባችን ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። እኛ በሳምንት 2 ብር እንጨምር። ደጋፊዎቻችን ደግሞ የምንሰበስበውን ያህል ቢያክሉልን፣ የሚቀጥለው መከራ ሲመጣ ማንም እህት «ልውጣ» ብላ አትደውልም። እኔም ደንብ እየጠቀስሁ አልመልስላትም።