የከፈለ ይወስን፣ የወሰነም ይቆጣጠር

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለድሬዳዋ ከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር

ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ሙቀት ከከዚራና ከመጋላ፣ ከሳቢያንና ከለገሀሬ፣ ከገንደ ቆሬና ከአዲስ ከተማ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ በፓርቲያችን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ዛሬ ስለ ሁሉም ነገር አንናገርም። የምንናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለሰፈር ልማት እየተባለ ከኪሳችሁ ስለሚወጣው ገንዘብ ነው።

የከተማ ነዋሪ የመሬት ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላል። ይህ በሕግ የተጣለ ነው፤ ቅሬታ የለንም። ከዚህ ሌላ ግን ለኮብልስቶን ንጣፍ፣ ለውኃ መፋሰሻ ቦይ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለጽዳት፣ ለሰፈር ጥበቃ እየተባለ መዋጮ ይጠየቃል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው ይባላል። ሆኖም መታወቂያ ለማደስ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ የሄደ ሰው በመጀመሪያ «መዋጮህን ከፍለሃል ወይ?» ተብሎ ከተጠየቀ ፈቃደኝነቱ የት አለ? ግብር በሕግ ይጣላል፤ መዋጮ በፈቃድ ይሰጣል። በሕግ ያልተጣለ፣ በፈቃድም ያልተሰጠ ገንዘብ ግን ስሙ ምንድን ነው? መልሱን ለእናንተ እንተወዋለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የአካባቢያቸውን ሕዝብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው የተጻፈው ስለ ክልሎች ነው፤ ድሬዳዋ የምትተዳደረው በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው የሚሉን ይኖራሉ። እኛም በምላሹ እንጠይቃለን፦ በክልል ከተማ የሚኖር ዜጋ የተፈቀደለት መብት ለድሬዳዋ ልጅ የሚነፈገው በምን ምክንያት ነው?

ውድ ወገኖቻችን፤

ይህ ችግር ትናንት የተወለደ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነውን ቤቶች እንዲያስተዳድሩ የተደረጉት የቀበሌ ማኅበራት ነበሩ። ገንዘቡም ለሰፈሩ መሠረታዊ አገልግሎት እንዲውል ታስቦ ነበር። ከሰፈር የተሰበሰበ ለሰፈር ይዋል የሚለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ቀበሌው ብዙም ሳይቆይ የነዋሪው ማኅበር መሆኑ ቀርቶ ነዋሪውን የሚጠብቅና የሚያስር የመንግሥት ክንድ ሆነ። የሚፈራን አካል ደግሞ ሒሳብ አምጣ የሚለው የለም። ደርግ ከወደቀም በኋላ ቀበሌው የገዥው ፓርቲ ጓዳ ሆኖ ዘለቀ።

በመላ አገሪቱ የቀበሌና የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባው የነበረው ግን ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት ድምፃችሁን ስትሰጡ የቀበሌ ምርጫ አብሮ አልተደረገም። ስለዚህ ስሙ ቀበሌም ይባል ወረዳ፣ ለእናንተ ደጃፍ እጅግ የቀረበው፣ መዋጮውንም የሚጠይቀው አካል ከእናንተ ከተቀበለው ውክልና እጅግ የራቀው ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ሕፃን አድጎ ለመምረጥ ደርሷል።

የነዋሪው ድምፅ አለመሰማት ዋጋው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንታገሠው ነበር። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ምን እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ደቻቱ ከደጋው በወረደ ዝናብ ሞልቶ መጣና ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይህን አንክድም፤ የሠራውን እናመሰግናለን። ነገር ግን ጎርፍ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ፣ የትኛው ቦይ በቆሻሻ እንደተደፈነ ከደቻቱ ዳር ከሚኖሩት እናት የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? ቦይ መጠረግ ሲገባው ገንዘቡ ለአደባባይ ማስዋቢያ ከዋለ፣ ስሕተቱን የሚከፍሉት የወሰኑት ሰዎች አይደሉም፤ እኒያ እናት ናቸው።

ጉዳዩን ዛሬ አጥብቀን የምናነሣበት ተጨማሪ ምክንያት አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የከተማ ንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ከተሞች ከመሬትና ከቤት የሚሰበስቡት ገንዘብ እንዲያድግ መንገዱ ተከፍቷል። እንግዲህ የሚሰበሰበው ሲጨምር የሚወስነው ሰው ቁጥር እዚያው ከቀረ፣ የሚያድገው ልማት ሳይሆን ብክነት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ብሉር ዌስት ቪሌጅ በሚባል የገበያ ሰፈር ያሉ ነጋዴዎች በሕግ ተፈቅዶላቸው ለአካባቢያቸው ማሻሻያ ልዩ ግብር በራሳቸው ላይ ጣሉ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚያቅዱትም ከመካከላቸው የወጡ ሰዎች ናቸው። አሠራሩ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሆኖም በየአገሩ አንድ ወቀሳ አስከትሏል፤ ድምፅ የሚያገኘው ንብረትና ንግድ ያለው ነው፤ ተከራዩ ተረስቷል የሚል። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው እየተሰበሰቡ ከከተማው በጀት መጀመሪያ ቦይ ይሠራ ወይስ መንገድ ብለው እንዲመርጡ ተደረገ፤ ድሀ ሰፈሮችም ቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ። ከመጀመሪያው ግልጽነትን፣ ከሁለተኛው ፍትሕን እንወስዳለን።

በእውነቱ ግን ትምህርቱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። እድራችንና አፎሻችን በእጃችን ናቸው። የእድር ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ የሚመረጡት በአባላቱ ነው። የከፈለ ደረሰኝ ይቀበላል። ገቢና ወጪው በጉባኤ ፊት ይነበባል። ጥቂት ብር ብትጎድል አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «እስቲ ይህቺን አስረዱን» ይላሉ፤ ማንም ጸረ ልማት አይላቸውም። ሕዝቡ በጀት መቆጣጠር አይችልም፣ ስብሰባ ሥራ ያጓትታል የሚሉንን ሰዎች እድር ቤት ገብተው እንዲያዩ እንጋብዛቸዋለን።

ከዚህ በመነሣት ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ሊፈጽም በፊታችሁ ቃል ይገባል።

አንደኛ፣ ማንኛውም የሰፈር መዋጮ ነዋሪው ተሰብስቦ ሳይወስን፣ የተመረጠ ምክር ቤትም ሳያጸድቀው አይሰበሰብም። ለእያንዳንዱ ብር ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል። መክፈል የማይችል ችግረኛ ነፃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ሆነ ሌላ የመንግሥት አገልግሎት ከመዋጮ ጋር ፈጽሞ አይያያዝም። ይህን የጣሰ ሠራተኛ በሕግ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ከንብረት ግብር ላይ በደንብ የተወሰነ ድርሻ ነዋሪው በቀጥታ ለሚወስንባቸው የሰፈር ሥራዎች ይመደባል። ሆኖም ሁሉም ሰፈር የከፈለውን ያህል ብቻ ይውሰድ አንልም። እንዲያ ከሆነ የባቡር ኩባንያው በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ የቀየሰው ከዚራ ይበልጥ ያምራል፤ ገንደ ቆሬ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከድርሻው ግማሹ በሰበሰበው ሰፈር ይቆያል፤ ግማሹ እጅግ ለተጎዱት ሰፈሮች ይከፋፈላል።

አራተኛ፣ የሰፈር ልማት ኮሚቴ በምስጢር ድምፅ ይመረጣል። ተከራይም ባለቤትም እኩል ይመርጣል፤ ኪራዩ ውስጥ የቤቱን ግብር የሚከፍለው ተከራዩ ነውና። የፓርቲ አባልነት፣ የእኛም ቢሆን፣ ለኮሚቴ አያስመርጥም፤ አያስከለክልምም።

አምስተኛ፣ በየሦስት ወሩ የገቢና የወጪ ሒሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተጽፎ ሁሉም ሊያየው በሚችል ቦታ ይለጠፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ገለልተኛ ኦዲተር ይመረምረዋል፤ ውጤቱም በነዋሪው ጉባኤ ይነበባል።

ስድስተኛ፣ በከተማችን የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ሳይደረግ የሥራ ዘመናቸው እንዳያልፍ በከተማው ምክር ቤትም ሆነ በፌዴራል ደረጃ እንታገላለን።

ክቡራትና ክቡራን፤

ግብር እናስቀርላችኋለን ብለን አንዋሻችሁም። ቦይ በምኞት አይቆፈርም፤ መብራትም በመፈክር አይበራም። ምናልባት ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ ከአሁኑ የበለጠ እንክፈል ብሎ ይወስን ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የሚከፍለው ፈርቶ ሳይሆን አምኖበት ነው፤ ገንዘቡ የት እንደገባም ያውቃል። እኛም ቃላችንን ብናጥፍ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ መጥታችሁ «እስቲ ይህቺን አስረዱን» በሉን።

ድሬዳዋ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና ሌላውም አብሮ የሠራት ከተማ ናት። አብረን የሠራናትን ከተማ አብረን እንወስንባት። በምርጫው ዕለት ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ ውጡ። የመረጣችሁት ማንንም ይሁን፣ ከምርጫው በኋላ ደረሰኙን ጠይቁት።

የከፈለ ይወስን! የወሰነም ይቆጣጠር!