ድር፣ ማግና መዝገብ



ከሰከላ ደጋ እስከ ወንበርማ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ ልጃችሁን ለትምህርት ለመላክ ከጎተራችሁ እየቀነሳችሁ የሸጣችሁ፣ በሶውን እየቋጠራችሁ ክረምትና በጋ በተስፋ የጠበቃችሁ ወላጆች ሁሉ፣ እንኳን ለዚህች ዕለት አደረሳችሁ። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስናን ከመረጃ ሥርዓት ጋር አጣምረው የተማሩ የአገራችን ልጆች በፍኖተ ሰላም በወገናቸው ፊት ሲመረቁ፣ በመካከላችሁ ቆሜ ቃል እንዳሰማ ስለ ፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ አዳራሹ ስንገባ አንድ አባት፣ «ጨርቅ መሥራት የሸማኔ ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ የጸሐፊ ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ንግግሬ ለእሳቸው መልስ ይሁን።

መልሱ የሚገኘው ከሸማኔው ጉድጓድ ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ሰድዶ አንዱን መርገጫ ሲረግጥ፣ የድሩ እኩሌታ ይነሣል፣ እኩሌታውም ይወርዳል፣ መወርወሪያውም ማጉን ይዞ በመካከላቸው ያልፋል፤ ሁለተኛውን ሲረግጥ የተነሣው ይወርዳል፣ የወረደውም ይነሣል። እያንዳንዱ የድር ክር በእያንዳንዱ ውርወራ ወይ ከማጉ በላይ ወይ ከማጉ በታች ይውላል እንጂ ሦስተኛ ስፍራ የለውም። ከጥለቱ ሲደርስም ባለቀለሙን ክር በጣቱ ጫፍ እየመረጠ፣ ሦስት አንሥቶ አንድ ዘሎ፣ አምስት አንሥቶ ሁለት ዘሎ፣ መስቀሉን ወይም አበባውን ይፈጽማል፤ ይህንንም ሲያደርግ በፊቱ የተዘረጋ ወረቀት የለም፤ ቁጥሩ ሁሉ በልቡ ተጽፎ ይኖራል። ኮምፒውተርም በበኩሉ ፊደሉንና ድምፁን፣ ሥዕሉንና ሒሳቡን ሁሉ የሚይዘው በሁለት ምልክት፣ በአለና በየለም፣ በ1ና በ0 ነው።

የሁለቱ ዝምድና በታሪክ የተመሰከረ ነው። በ1804 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ዦዜፍ ማሪ ዣካር የተባለ ሰው የጥለቱን ቁጥር በተበሳ ካርቶን ላይ አስፍሮ፣ ቀዳዳ ባለበት ክሩ እንዲነሣ፣ ቀዳዳ በሌለበት እንዲቀር የሚያደርግ የሽመና መኪና አቆመ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ የሒሳብ መኪናውን ሲያስብ ትእዛዝ መስጫ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ የሸማኔ ካርቶን ነበር፤ አሜሪካዊው ኸርማን ሆለሪትም የ1890 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ እንዲደመር አደረገ፤ የእርሱም ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ውሎ አድሮ አይ.ቢ.ኤም. ተባለ። እንግዲህ ልጆቻችን የተማሩት፣ ከአንድ አባት ተወልደው በሩቅ አገር የተለያዩ ሁለት ወንድማማቾች እንደገና የተገናኙበትን ትምህርት ነው።

በእኛ አገር ግን ይህ ጥበብ የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ኖሯል፤ ይህን በምረቃ ቀን ማንሣት የሚከብድ ቢሆንም ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን መጋረጃ ይሠሩ ዘንድ መንፈሰ ጥበብ የተሰጣቸው ባስልኤልና ኤልያብ ሸማኔዎችም ነበሩ፤ እመቤታችን ድንግል ማርያም ገብርኤል ባበሠራት ጊዜ ሐርና ወርቅ አስተባብራ ትፈትል እንደ ነበረ ሊቃውንቶቻችን ያስተምራሉ። ይህን በማኅሌት ቆሞ ሲሰማ የሚያድር ሕዝብ፣ ሲነጋ የለበሰውን ጋቢ የሠራለትን ሰው በሥራው ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ ነውር ሆኖ አልታየም፤ ከአዋጁም በኋላ ቢሆን በየገበያውና በየጋብቻው ሽማግልና ቅሪቱ መቆየቱን እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆች ታውቃላችሁ። ከናንተ መካከል አባቱ ሸማኔ የሆነ ምሩቅ ቢኖር፣ ዛሬ ከሁላችን ፊት የአባቱን ሙያ ስም ጮክ ብሎ ይጥራ።

ዘመናዊው የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ወደ ጎጃም የገባው በባሕር ዳር በኩል ነው። ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተቋቁሞ፣ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ሆነ። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ከተማ መገኘታቸው ታላቅ ማስተዋል ነበር፤ ተማሪው ጠዋት በጥቁር ሰሌዳ ያየውን ከሰዓት በኋላ በመኪናው ላይ ሊዳስሰው ይችል ነበርና። ከዚያ ዘር የበቀለው የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው።

አሁን ልቤ ወዳረፈበት ነገር ልግባ። ጥጥ ከማሳው ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ በባሌ፣ ማለትም በትልቅ ጥቅል፣ ታስሮ ወደ መፍተያ ሲገባ፣ የጭረቱ ርዝመት፣ ጥንካሬው፣ ቅጥነቱና ቀለሙ በመሣሪያ ይለካል። የክሩም ውፍረት በቁጥር ይነገራል፤ በእንግሊዝ ስሌት ቁጥር 20 የሆነ ክር አንዱ ኪሎ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ቢዘረጋ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው ስሟን ያስጠሯትን ማንኩሳን አልፎ፣ ቡሬ ደርሶ ይተርፋል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ርዝመት መካከል አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ቀጥና ብትገኝ፣ በሽመና ጊዜ ክሩ የሚበጠሰው ከዚያች ላይ ነው፤ ክሩ ሲበጠስም መኪናው ይቆማል፣ መኪናው በቆመ ቍጥርም የሰውም የመብራትም ዋጋ በከንቱ ይፈስሳል።

እንግዲህ ክር ተበጠሰ። ለምን? መዝገብ የሌለው ሰው ሊያደርግ የሚችለው መቀጠል ብቻ ነው። መዝገብ ያለው ግን፣ በየትኛው መኪና፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ባሌ የተፈተለው ክር እንደ ተበጠሰ ስለ ጻፈ፣ ፈርጆ ያውቃል፦ መበጠሱ በአንድ መኪና ብቻ ከበዛ ጥፋቱ የመኪናው ነው፤ ከአንድ ባሌ የወጣው ክር በሁሉም መኪና ላይ ከተበጠሰ ጥፋቱ የጥጡ ወይም የመፍተያው ነው፤ ሁሉም ክር በሁሉም መኪና ላይ ከቀትር በኋላ ብቻ የሚበጠስ ከሆነ ደግሞ የበጋው አየር ደርቋል፣ ጥጥ እርጥበት ሲያጣ ይሰባበራልና፣ የአዳራሹን እርጥበት ጠባቂ መሣሪያ ማየት ይገባል። እነሆ፣ የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ረቂቅ ስም ከነመንፈሱ ይህ ነው። ግዥውን፣ ክምችቱን፣ ምርቱንና ሽያጩን በአንድ መዝገብ የሚያስተሳስረው ሶፍትዌርም፣ በመኪናው ጫፍ ተተክሎ መቆሙንና መነሣቱን በራሱ የሚቆጥረው መሣሪያም፣ የዚህ አንድ ጥያቄ፣ የ«ለምን» አገልጋዮች ናቸው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ የሰጡትን ብቻ ይቀበላል። በአንድ ፋብሪካ የሌሊቱን ፈረቃ መዝገብ ገልጬ ሳይ፣ ከምሽቱ እስከ ንጋት ያለው ሰዓት ሁሉ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ቀለም፣ አንድም ስርዝ ሳይገኝበት፣ ቁጥሩም ከሰዓት ሰዓት እኩል ሆኖ ተሞልቶ አገኘሁ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያድር መኪና በዓለም ላይ የለም፤ መዝገቡ የተጻፈው ጎሕ ሲቀድ፣ አለቃ ከመምጣቱ በፊት ነው። ጸሐፊውን አልወቅስም፤ ብዙ ቆመ ብሎ እውነቱን የጻፈ ባልደረባው ደመወዙ ሲቆረጥ አይቷልና። ልጆቼ፣ ነገ ክፍል ስትመሩ፣ መቆሙን አምኖ የጻፈውን ሠራተኛ አመስግኑት እንጂ አትቅጡት፤ ውሸት የተሞላ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በጥሩ ሠንጠረዥ ያጌጠ ውሸት ይሆናል፣ ያን ጊዜም የሚጠራጠረው ሰው አይገኝም።

የውጪው ገበያ ደግሞ እየዋለ ሲያድር ይህን መዝገብ ከጨርቁ እኩል መጠየቁ አይቀርም። የአሜሪካ ገበያ የቀረጥ ነጻ ዕድል የሆነው አጎዋ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገራችን ሲዘጋ፣ በአንድ በር ላይ ብቻ ተደግፎ የቆመ ሥራ እንዴት እንደሚንገዳገድ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ አይተናል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ባጸናው ደንብ ለምርቶች ዲጂታል ፓስፖርት እንዲዘጋጅ ወስኖ፣ አልባሳትን ቀድመው ከሚታሰቡት መካከል አስቀምጧል፤ ሸሚዙ ከምን እንደ ተሠራና በምን መንገድ እንደ መጣ የማይናገር ነጋዴ በሩ ላይ መቆሙ አይቀርም። ይህን የጨርቁን ምስክርነት በመተማ ወይም በአዋሽ ከተለቀመው ጥጥ ጀምሮ እስከ መስፊያው ድረስ ሳያቋርጥ ማስተላለፍ የሚችለው እንደ እናንተ ጨርቁንም መዝገቡንም የሚያውቅ ሰው ነው።

በቅርባችን በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእህልና የቅባት ነገር እንጂ የጨርቅ ስላልሆነ ብዙ አልናገርበትም፤ ነገር ግን በቆሎው ከየትኛው ቀበሌ በስንት እርጥበት እንደ ገባ መመዝገብና የጥጡን ባሌ መመዝገብ አንድ ሙያ ናቸውና፣ ከናንተ ጥቂቶቹ እንጀራቸውን እዚያ ቢያገኙ ትምህርታቸው አይባክንም።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በቡሬ ገበያ ዳርቻ፣ ዛሬም ቡሉኮና ጋቢ የሚሸምኑ፣ የጥለት ቁጥር በልባቸው የያዙ አረጋውያን አሉ፤ ባዘቶውን በእንዝርት አቅጥነው ሲፈትሉ ክሩ ሊበጠስ መሆኑን ገና ሳይበጠስ በጣታቸው የሚያውቁ እናቶችም አሉ። ይህን እውቀት የያዘ መዝገብ የለም። ሂዱና ተቀመጡ፤ ጥለቱን ክር በክር፣ ከበላይና ከበታች፣ 1ና 0 አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከእያንዳንዱም ጥለት ጋር የባለሙያውን ስምና የመንደሩን ስም፣ በራሱ ፈቃድ፣ በአማርኛ አስፍሩ። ነገ ያ ጥለት በፋብሪካ መኪና ሲታተም ወይም ሲሸመን፣ ከማን እንደ ተገኘ የሚመሰክር ጽሑፍ ይኖራል፣ ለባለቤቱም የሚገባው ዋጋ የሚጠየቅበት መሠረት ይሆናል።

የከተማችን ሹማምንትና አበው ሆይ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተርና የማይቋረጥ መብራት ነው፤ ክፍሉ ከመስከረም በፊት ይሰጣቸው ዘንድ በዚህ ጉባኤ ፊት እጠይቃለሁ። ሸማኔዎቹንም የምታውቋቸው እናንተ ናችሁና፣ ከልጆቹ ጋር ሄዳችሁ አስተዋውቋቸው፤ አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ሳይኖር የመጣ ወጣት ጥለት ሊቆጥር ሳይሆን ግብር ሊቆጥር የመጣ ይመስላቸዋል። ቃሌን ፈጽሜያለሁ፤ መድረኩን ለአባቶች ምርቃት እለቃለሁ።