መንገድ ተዘጋብኝ

ዛሬ አሳይመንት ማስረከቢያችሁ የሆነ ተማሪዎች አላችሁ። ከለገጣፎ በካራ፣ በኮተቤ አድርጎ መገናኛ መድረስ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ታክሲ ይጠፋል። መንገድ ይዘጋጋል። መብራት ይሄድና ፍላሹን ይዞ ፕሪንት ለማስደረግ የመጣው ሁሉ ደጅ ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ትናንትም እውነት ነበር። ባለፈው ሳምንትም እውነት ነበር። የማስረከቢያው ቀንም የተነገረው ያኔ ነው።

የታመመ፣ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ሊደመጥ ይገባል። ሌሎቻችሁ ግን ሰዓቱ ካለፈባችሁ መንገዱን አትክሰሱ። መምህሩንም አትክሰሱ። «ዘግይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» በሉ። ሥራው ያላለቀላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ሰዓቱ ሳያልፍ አሁኑኑ ለመምህራችሁ ደውሉ።