ሶላሩ ሞተ ከማለታችን በፊት

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ድረስ ወደ ጎንደር ለመጣችሁ አባሎቻችን ልዩ ምስጋና አለን።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ነን እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አይደለንም። ስለ ሶላር እንድንናገር ያስገደደን መዝገባችን ነው። ለሶላር መግዣ ተበድረው ክፍያ ያቋረጡትን አባላት ስንጠይቅ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፦ «መብራቱ ጠፋ፤ ለማይሠራ ዕቃ ምን ብለን እንክፈል?» እውነታቸውን ነው። ግን እነሱ ካልመለሱ ተራ የምትጠብቀው እህት ከኩራዝ ጭስ አትወጣም።

በዳባት በኩል አንዲት እናታችን «ፓኔሉ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ» ተብለው ሁለት በግ ሊሸጡ ነበር። ሄደን ስናይ ሶላሩ ሲተከል ትንሽ የነበረው ባሕር ዛፍ አድጎ ጥላውን ፓኔሉ ላይ ጥሏል። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ ጥላ ጥቂቱን ሲሸፍን እንኳ ኃይሉ በጣም ይወርዳል። ፓኔሉን ወደ ሌላው የጣሪያ ጥግ አዛወርነው፤ መብራቱ ተመለሰ፤ በጎቹም ከበረት አልወጡም።

ስለዚህ ከመሸጥና ከመግዛት በፊት ከአምፖሉ ጀምረን ወደ ጣሪያው እንፈትሽ።

አንደኛ፣ የጠፋው አንድ አምፖል ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ የሚሠራውን አምፖል እዚያ ቦታ ላይ እንሞክር።

ሁለተኛ፣ እኩለ ቀን ላይ ኮንትሮለሩን እንይ። ቻርጅ ማድረጉን የሚያሳየው መብራት ካልበራ ችግሩ በአብዛኛው ከፓኔሉ ወይም ከሽቦው ነው። ቀን ቻርጅ እያደረገ ማታ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ባትሪውን እንጠርጥር።

ሦስተኛ፣ ሽቦውን። የላላ ብሎን፣ የዛገ ጫፍ፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ እነዚህ ናቸው። ሽቦ ስንፈታ መጀመሪያ የፓኔሉን፣ ቀጥሎ የባትሪውን እንፍታ፤ ስንመልስ ባትሪው ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ኮንትሮለሩ ሊበላሽ ይችላል።

አራተኛ፣ ፓኔሉን። በበጋ የአውድማ ብናኝ፣ የማዕድ ቤት ጥቀርሻና የወፍ ኩስ ይሸፍነዋል። ጠዋት ሳይሞቅ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እንጠበው። እንደ ድስት በአመድ አንፈትገው፤ መስተዋቱ ይጫጫራል። ቴስተር ያለው ሰው ከተገኘ፣ ባለ 12 ቮልት ፓኔል ሽቦው ተፈትቶ በጠራ ፀሐይ ከ18 እስከ 22 ቮልት ካሳየ በአብዛኛው ደህና ነው። ጣሪያ ላይ ግን ብቻችንን አንውጣ።

አምስተኛ፣ ባትሪውን። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የውሃውን መጠን እናይና ከጎደለ ከሱቅ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ብቻ እንጨምር፤ የምንጭም የቧንቧም ውሃ ይጎዳዋል። አሲዱ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ልጆች አይቅረቡ፤ እሳትም አይቅረብ። የታሸገውን ባትሪ ግን በፍጹም አንክፈት። ከሁሉም የከፋው ስህተት ኮንትሮለሩ ሲያጠፋብን አምፖሉን ወይም ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማያያዝ ነው። ኮንትሮለሩ የሚያጠፋው ባትሪው ጨርሶ እንዳይራቆት ነው። ባዶውን የሚያድር ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናና ጉም ሲውል ኃይል መቀነሱ ብልሽት አይደለም። ያኔ ቴሌቪዥኑን ትተን ለልጆች ጥናት መብራቱን እናስቀድም።

አሁን ወደ ሥራችን ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ጥሩ ፓኔል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ባትሪ ግን ያልቃል። ባትሪው ለምሳሌ 6,000 ብር ቢሆንና 4 ዓመት ቢቆይ፣ በየወሩ 125 ብር እየበላን ነው ማለት ነው። ያንን ብር ካላስቀመጥን ባትሪው ሲሞት በጉን እንሸጣለን።

ይህ በአገራችን ተሞክሯል። በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባለው መንደር ቤት ለቤት ሶላር ሲገባላት ነዋሪዎቹ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ያዋጡ ነበር፤ የሶላር ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፍቷል። ዕቃው ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚጠግን ሰውና የተቀመጠ ብር እንደሚያስፈልግ ከዚያ እንማራለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቴስተር በጋራ ይግዛ፤ ከመካከሉ ሁለት ሴቶች አጠቃቀሙን ይማሩ፤ የባትሪ ቁጠባም ከብድሩ ክፍያ ተለይቶ በራሱ ገጽ ይመዝገብ። ገጹን እኛ አዘጋጅተናል። መብራታችሁ የጠፋባችሁም አትሸሹን፤ ንገሩን፣ አብረን እንይ።